የእርሳስ ነጥብ

አባቴ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ስገባ ታሪክ የመረጥኩት እሳቸውን ለማስደሰት አይደለም ብዬ እስካሁን እከራከራለሁ፤ የሚያምነኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ሦስተኛ ዓመት ስደርስ እሳቸው ጡረታ ወጥተው፣ እናቴን ቀብረው፣ ዓይናቸው በግላኮማ ጠፍቶ፣ ሱሉልታ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ የሚውሉ ሽማግሌ ሆነው ነበር። ታላላቆቼ አግብተው ወጥተዋል። ቤት የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን።

ቀናቸው ባዶ ነበር። ጠዋት ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ ዜናው ካለቀ በኋላም ሬዲዮው ብቻውን ያወራል እንጂ እሳቸው አይሰሙትም። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን «እንዴት አደሩ» ከማለት ያለፈ ነገር የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ወረፋ ጋር ታግዬ ማታ ስገባ እራት አቅርቤ፣ ጫማቸውን አውልቄ ከመተኛት በቀር ወሬ አልነበረኝም። ያሳዝኑኝ ነበር። ማዘን ደግሞ ጊዜ አይፈጥርም።

ሥራውን ያገኘሁት በክፍል ጓደኛዬ በኩል ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች በስልክ የሚነበብ የታሪክ ትምህርት የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ድርጅት፣ ጽሑፎቹን ከቤታቸው ሆነው በትርፍ ሰዓት የሚገመግሙ ተማሪዎች ይፈልግ ነበር። ትምህርቱ በኢንተርኔት ይላክልናል፤ እናነባለን፤ ልጅ የማይገባው ወይም የተሳሳተ ነገር ካለ፣ ወይም ዝም ብሎ የሚያሰለች ከሆነ ጎኑ ላይ አስተያየት እንጽፋለን። አንዱ ትምህርት ለሦስት ሰው ይደርሳል፤ ሁለቱ የተስማሙበት እርማት ይገባል። የእኛ ቡድን እኔ ከሱሉልታ፣ አንድ ወንድ ልጅ ከሰበታ፣ አንዲት ልጅ ከቡራዩ ነበርን። በአካል አንተዋወቅም፤ የምንገናኘው በስልክ ግሩፓችን ብቻ ነው። የሰበታው ልጅ፣ «አዲስ አበባን ዙሪያዋን ከበናታል፣ እጇን እስክትሰጥ መጠበቅ ነው» እያለ ይቀልድ ነበር።

አባቴ ወደ ሥራው የገቡት በመስኮት በኩል ነው ማለት ይቻላል። እኔ ሳነብ ድምፄን አውጥቼ ነው፤ ልጅ ሆኜ እሳቸው ያስለመዱኝ ነው። አንድ ጠዋት ስለ ጥንት ንግድ የሚያወራውን ትምህርት ሳነብ ከበረንዳው ድምፃቸው መጣ።

«እስቲ ያንን መልሰሽ አንብቢው።»

«"በድሮ ጊዜ አሞሌ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር" ነው የሚለው፣ አባባ።»

«ልጁ ሳንቲም ነው የሚመስለው። ጨው መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት። ዝናብ ካገኘው የሚሟሟ፣ ከብት ካገኘው የሚልሰው ገንዘብ ነበር በይው። ከዚያ በኋላ አይረሳውም።»

እንዳሉት ጻፍኩት። የቡራዩዋ ልጅ ወዲያው ተስማማች፤ የሰበታውም ተከተለ፤ እርማቱ ገባ። ለአባቴ ስነግራቸው «ገባ?» ብለው ደግመው ጠየቁኝ። «ገባ፣ አባባ» አልኩ። በማግስቱ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ያስተምሩበት የነበረውን ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ወንበራቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ክፍሌ ሲያስገቡ አገኘኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ዩኒቨርሲቲ በማልሄድባቸው ቀናት ጠዋታችን እንዲህ ሆነ። እኔ ላፕቶፑን እከፍታለሁ፣ እሳቸው ከጎኔ ይቀመጣሉ፣ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያስቆሙኛል። «እዚህ ላይ ልጁ ይተኛል» ይላሉ። «ይኼ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ይቆረጥ።» «ለምን ሄዱ ሳይል እንዴት ሄዱ ይላል?» እየተናገሩ ሳለ እኔ ኪቦርዱን ቀጭ ቀጭ አደርጋለሁ። ወተት የሚያመጣልን ጎረቤታችን፣ ድሮ ተማሪያቸው የነበረ ገበሬ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ «አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ?» ይላቸዋል። እንዴት ነዎት ማለቱ ነው፤ ባርሲሳ በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። ድሮ «ፈያ»፣ ደህና፣ ብለው ብቻ ያሳልፉት ነበር። አሁን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሆጂራን ጅራ!» ይሉታል፤ ሥራ ላይ ነኝ። ቃሉን ሲሉት ደረታቸው ይነፋል። እኔ አንገቴን ወደ ላፕቶፑ ደፍቼ እስቃለሁ፤ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ስለ ነጥቡ ልናገር። አባቴ በማስተማር ዘመናቸው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አያውቁም። ፈተና ሲያርሙ የተሳሳተው መልስ ጎን በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያደርጋሉ፤ ሌላ ምንም አይጽፉም። ወረቀቱን የተቀበለ ተማሪ ነጥቡን አይቶ ስህተቱን ራሱ ፈልጎ፣ አርሞ ይመልሳል። ያን ጊዜ ነጥቡን በላጲስ አጥፍተው ራይት ያደርጉለታል። ሰባተኛ ክፍል እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ፤ ቤት ልጃቸው ብሆንም ክፍል ውስጥ ነጥብ አልቀረልኝም። አንድ ቀን ወረቀቱ በነጥብ የተሞላ ልጅ፣ «መምህር ጠምደውኛል» ብሎ አጉረመረመ። አባቴ ከሰሌዳው ዘወር ብለው፣ «ነጥብ ያደረግሁብህ ታገኘዋለህ ብዬ ነው። ተስፋ የቆረጥኩብህ ቀን ዝም እልሃለሁ» አሉት። ልጁ በዚያ ዓመት አለፈ ወይስ ወደቀ አላስታውስም፤ ንግግሩን ግን አልረሳሁትም።

ብርዱ እየጠና ሲመጣ ስለ አሮጌው የባቡር መንገድ የሚያወራ ትምህርት ደረሰን። ከጅቡቲ ተነስቶ በድሬዳዋ አድርጎ አዲስ አበባ እንዴት እንደገባ ይተርካል። አንብቤ ስጨርስ አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሱሉልታን ለምን ረሷት? ባቡሩ እዚህ ጣቢያ ነበረው እኮ። ከቤታችን ሥር ካለው ሜዳ ላይ ነበር የሚቆመው።»

ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ ናት፤ እንጦጦን የወጣ ባቡር የለም። ይህን የማያውቅ የታሪክ ተማሪ ትምህርቱን ይተው። እኔም አውቃለሁ። ግን አፌ አልከፈት አለኝ። እኛ ቤት፣ እንዲያውም እኛ ሰፈር፣ ትልቅን ሰው ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» የሚል የለም። ሽማግሌ አንድ ነገር ከተናገረ «እሺ» ይባላል፤ የተቃወመ ካለም ከወጣ በኋላ ለጎረቤቱ ይነግራል። በዚያ ላይ አባቴ በታሪክ ተሳስተው ሰምቼ አላውቅም። ምናልባት እኔ ያልሰማሁት፣ መጽሐፍ ያልያዘው ቅርንጫፍ ሐዲድ ይኖር ይሆን ብዬ ራሴን አታለልኩና «የሱሉልታው ጣቢያም ቢጠቀስ» ብዬ ጻፍኩ።

የሰበታው ልጅ ለብቻዬ ጻፈልኝ። «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? እኛ ጋ ያለው ራሱ አዲሱ ባቡር ነው። እናንተ ጋ በየት በኩል ወጣ?» የድርጅቱ አስተባባሪያችን ደግሞ በግሩፑ ላይ በትህትና «ምንጭ?» የሚል አንድ ቃል ብቻ ላከች። ተምታቶብኝ ነው ብዬ አጠፋሁት።

ነገሩ የገባኝ ምሳ ሳቀርብ ነው። አባቴ አስተማሪ ሆነው መጀመሪያ የተመደቡት ሞጆ ነበር፣ አሮጌው ባቡር የሚያልፍባት። እናቴ ከሰርጋቸው በኋላ ወደዚያ የሄደችው በባቡር ነው፤ ቅርጫቷን ታቅፋ ስትወርድ አቧራው ነጩን ነጠላዋን ቡና አስመስሎት እንደነበር ስንት ጊዜ አጫውተውናል። ሞጆን ከነጣቢያዋ፣ ከነእናቴ አንስተው ሱሉልታ ሜዳ ላይ አስቀምጠዋታል። ፈራሁ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ውሃ ያለበት ቀን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ መጥቶ ሐኪም ጋ ወሰድናቸው። ሐኪሙ መርሳቱ ከዕድሜ ጋር የመጣ ሕመም መሆኑን፣ እየቆየም ሊብስ እንደሚችል ለእኛ ለብቻችን ነገረን። «አእምሯቸውን የሚያሠራ ነገር ካላቸው አታቋርጡባቸው» አለ። ያላቸው ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር የሚቀመጡበት ወንበር ነው። ያ ከቀረ ወደ በረንዳውና ወደማይሰሙት ሬዲዮ ይመለሳሉ። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ማንበቤን አልተውም፤ የሚሉትን መጻፍ ግን ተውኩ። መልካሙን ከተምታታው ለይቼ መጻፍ ይቻለኝ ነበር። አልሞከርኩም፤ አንዴ በግሩፑ ውስጥ ያፈርኩት ይበቃኝ ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ «እሺ» እላለሁ። «ገባ?» ይሉኛል። «ገባ፣ አባባ» እላለሁ። ከዚያ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄዱ የራሴን አስተያየት ጽፌ እልካለሁ።

እንዲህ እያልን ወራት ሄዱ። ባቡሩ በየትምህርቱ ይመጣ ጀመር። ስለ ጥንት ገበያ ሳነብ ይመጣል፣ ስለ ከተሞች አመሠራረት ሳነብ ይመጣል። እኔም ለመድኩት። መልመዴ ያናድደኝ ነበር፤ ግን ለመድኩት።

የሥራ ጓደኞቼ አባቴ ዓይናቸው እንደማያይ፣ አብረውኝ እንደሚሰሙ ያውቃሉ። የቡራዩዋ ልጅ፣ ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው ብረታ ብረት የሚነግዱ፣ ወግ የምታጠብቅ ልጅ ናት። «የሰው አባት ቤት ተቀምጠው ሳንጠይቅ መቅረታችን ነውር ነው» ብላ የሰበታውን ልጅ አስነስታ አንድ ቅዳሜ ሙዝና ጁስ ይዘው መጡ። እሱ በአየር ጤና፣ እሷ በአስኮ በኩል መጥተው፣ አዲሱ ገበያ ላይ ተገናኝተው በአንድ ታክሲ። በአካል ስንተያይ ሦስታችንም አፈርን። ቀልደኛው ልጅ ከድምፁ ይልቅ አጭርና ዝምተኛ ሆኖ አገኘሁት።

አባቴ ኮታቸውን ለብሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሳሙ።

«ሰበታ የማን ልጅ ነህ?»

«ሰበታ ለትምህርት ተከራይቼ ነው፣ መምህር። ቤተሰቦቼ ተፍኪ ናቸው፤ ገበሬዎች ናቸው።»

ይህን ሲሰሙ ወደ ኦሮምኛ ገቡ፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሽምብራው፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት። ከዚያ ለቡራዩዋ ልጅ ብለው ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ ስለ ትምህርቷም ጠየቋት። ሁለቱም ተዝናኑ። ቤቱ ሞቅ አለ። ለአፍታ ሁሉም ነገር ደህና መሰለኝ።

«ተማሪዎች ናችሁና አንድ ነገር ልንገራችሁ» አሉ አባቴ። «መጻሕፍቱ አይጽፉትም እንጂ ባቡሩ ሱሉልታ ጣቢያ ነበረው። ከዚህ ቤት ሥር ነው የሚቆመው። የእሷም እናት መጀመሪያ የወረደችው እዚሁ ነው።»

ጓደኞቼን አየኋቸው። የሰበታው ልጅ የጁስ ብርጭቆውን ተመለከተ። «እሺ፣ መምህር» አለ። የቡራዩዋ ልጅ «አዎ፣ ጋሼ» አለች። እኔም «አዎ» አልኩ። አባቴ ሌላ ነገር ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ገጠሙት። ፊታቸው ወደ አንዳችን፣ ከዚያ ወደ ሌላችን ዞረ። የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። «ብሉ እንጂ ልጆች» አሉ በመጨረሻ፤ ሲሄዱም መርቀው ሸኟቸው።

ታክሲ እስክናገኝ አብሬያቸው ቆምኩ። የቡራዩዋ ልጅ አቀፈችኝና «እግዜር ያጽናሽ» አለችኝ።

«አባቴ አልሞተም» አልኳት።

ደነገጠች። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ክፉ አስባ አይደለም። ግን እስከ ቤት ድረስ እየተናደድኩ ነው የሄድኩት። የተናደድኩት በእሷ አልነበረም። ለቅሶ የተቀመጥን ያስመሰልነው ሦስታችንም ነን።

በማግስቱ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ከመጡ በኋላ፣ ላፕቶፑን ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ትምህርቱ ስለ ሲራራ ነጋዴዎች ነበር። ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳነበብኩ አባቴ እጃቸውን አነሱ።

«ትናንት ሦስት የታሪክ ተማሪዎች እዚህ ቤት ተቀምጣችሁ ነበር» አሉ። «አንዳችሁ እንኳን "እንዴት?" አላላችሁኝም።»

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

«ዓይኔ ነው የጠፋው፤ ጆሮዬ አለ። ድሮ ስናገር ኪቦርዱ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ካቆመ ስንት ጊዜው ነው! አንቺ ግን ገባ ትይኛለሽ።»

«አባባ፣ እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ከፋኝ።» ቃላቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። «አንዳንድ ነገር እየተደበላለቀብኝ እንደሆነ ይታወቀኛል። የትኛው እንደሆነ ነው የማላውቀው። ከተሳሳትኩ ነጥብ አድርጊልኝ። እኔ ዝም የምለው ለማን ነበር? ክፍል ውስጥ ነበርሽ፤ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ የሰማሁት ንግግር ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ እኔው ላይ መጥቶ ቆመ።

«ባቡሩ ላይ ነጥብ አለ፣ አባባ።»

እንዲህ ያለ ነገር ለአባቴ ተናግሬ አላውቅም ነበር። መሬቱ የሚከፈት መስሎኝ ነበር፤ አልተከፈተም። እሳቸው ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማሰብ ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድሮ ተማሪ ሲያስጠኑ እንደሚያደርጉት ሐዲዱን ከወዲያ ጫፍ ጀምረው ይመጡበት ነበር፤ «ድሬዳዋ… አዋሽ… አዳማ…» ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ልነግራቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ነጥብ ያደረገ ሰው መልሱን አይናገርም።

«ሞጆ» አሉ። «ሞጆ ነው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንጦጦን እንዴት አድርጎ ሊወጣው ኖሯል!» ብለው ሳቁ። ከልባቸው ነበር የሳቁት። በጠቋሚ ጣታቸው አየር ላይ ትልቅ ራይት ሠሩ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ዓይኔን ጠረግሁ። ስለ ሲራራ ነጋዴዎቹ ጥሩ ነገር ነገሩኝ፤ ነጋዴ የሚሰፍረው ውሃ ባለበት ነው፣ ልጁ ካርታው ላይ ወንዙን ካላየ ለምን እዚያ እንዳደሩ አይገባውም አሉ። ጻፍኩት። ኪቦርዱን አውቄ ጠበቅ ጠበቅ እያደረግሁ ነበር የምመታው።

አባቴ ወንበራቸውን ደገፍ አሉ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እናትሽ ከገበያ ስትመጣ የባቡሩን ነገር እነግራታለሁ» አሉ። «ስትስቅብኝ ነው የምትውለው።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ዝም ብል የሚወቅሰኝ አልነበረም። ሐኪሙም ወንድሜም ጓደኞቼም ደግ አደረግሽ ይሉኝ ነበር። እናቴን የቀበርናት አብረን ነው፤ ያን ቀን ክንዳቸውን ይዤ የመራኋቸው እኔ ነኝ። ዝም ማለት ፈለግሁ፤ በጣም ፈለግሁ። ነገር ግን ጆሯቸው ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ነበር።

«አባባ» አልኩ፤ «እዚህም ላይ ነጥብ አለ።»

ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ፣ እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ትገባበት ወደነበረው። ከአጥሩ ወዲያ ወተት ያመጣው ጎረቤታችን «አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ?» አለ። አልመለሱለትም። ሁለተኛ ጠራቸው። እኔም አልተነሳሁም። እሳቸው ወደ በሩ እንደዞሩ ቆዩ፤ ከዚያ አንገታቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«አገኘሁት» አሉ።

እጃቸው ጠረጴዛውን እየዳበሰ መጥቶ ኪቦርዱ ላይ እጄን አገኘውና እዚያው ተቀመጠ። የእሳቸው እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

«በይ» አሉኝ፤ «የሚቀጥለውን አንብቢ።»

አነበብኩ።